ቃናና ጆሮ
የጆሮ ማዳመጫ ታሪክና የቤንች ምድር ፉጨት

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲነሣ በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ቡና ነው። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከበበቃ እርሻ እስከ ሸኮ ደን ድረስ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና የአገሩን ስም ከባሕር ማዶ አድርሶታል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሪቻርድ ዌሊ ከዚሁ አካባቢ ደን ያስለቀመው ዘር በኬንያና በታንጋኒካ በኩል አድርጎ መካከለኛው አሜሪካ ደርሷል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ የቡና ውድድር «ጌሻ» በሚል ስም ቀርቦ ቀማሾችን ጉድ አሰኝቷል። ዘሩ ከአገሩ ከወጣ ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው ጣዕሙን በቅጡ የሚለይለት ምላስ ያገኘው።

ይሁንና ይህ ምድር ለዓለም የሚያቀርበው ሀብት በምላስ የሚቀመስ ብቻ አይደለም። በጆሮ የሚቀመስም አለው። ያም ሀብት የቤንች ሕዝብ ቋንቋ ነው። የቡናው ጣዕም የሠለጠነ ምላስ እንደ ጠበቀ ሁሉ፣ የቋንቋው ጣዕምም የሠለጠነ ጆሮ ሲጠብቅ ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ጆሮ የመጣበት መንገድ ነው። በመንገዱ ላይም አንዲት ትንሽ መሣሪያ፣ ዛሬ በየከተማው በወጣቶች ራስ ላይ የምትታየው የጆሮ ማዳመጫ፣ የራሷ ድርሻ አላት።

ስድስት ቃና ያለው ቋንቋ

የቤንች ቋንቋ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን በሚዛን ተፈሪና በሸዋ ጊሚራ ዙሪያ ይነገራል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የብሔረሰቡ ብዛት ከ350 ሺህ በላይ ነበር። የቋንቋው ሥረ ቃላት አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ ባለ አንድ ክፍለ ቃል ይበዛሉ። ቃሉ አጭር በመሆኑም የትርጉሙን ሸክም የሚካፈለው የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ነው። አንዱ ቃል በአንድ ዓይነት ተነባቢና አናባቢ ተነግሮ ድምፁ ከፍ ሲል አንድ ነገር፣ ዝቅ ሲል ሌላ ነገር፣ መካከል ላይ ሲቆም ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይሆናል። ቋንቋው አምስት ደልዳላ ቃናዎችና አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ቃና፣ በጠቅላላው ስድስት አለው። አምስት ደልዳላ ቃና የሚለዩ ቋንቋዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ጎረቤቱ የሸኮ ቋንቋም አራት ደልዳላ ቃናዎች አሉት።

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ አንባቢ ይህ ነገር ሩቅ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ነገር ግን በራሱ ቋንቋ ውስጥ የሚመስለው አለ። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» ጠብቆ የልደት በዓል ነው፤ ላልቶ ጊዜው ያልደረሰ ነገር ነው። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም፤ የሚለየው የአንባቢው ጆሮና ልማድ ነው። ባለ ቅኔው ከዚህ ስውር ልዩነት ኅብረ ቃል ያወጣል፤ እንግዳው ደግሞ እዚያው ላይ ይሰናከላል። በአማርኛ በመጥበቅና በመላላት የሚሆነው በቤንች ቋንቋ በድምፅ ከፍታ ይሆናል፤ ልዩነቱ የቤንቹ መሰላል ሁለት ሳይሆን ስድስት እርከን ያለው መሆኑ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው የቤንች ሰው ቋንቋውን ከአፉ አውጥቶ በሌላ ነገር ላይ መጫን መቻሉ ነው። ቋንቋው በፉጨት ይነገራል። ፉጨቱ በከንፈር ወይም ሁለቱን እጆች ገጥሞ ክፍተት በማበጀት የሚወጣ ሲሆን፣ ይበልጡን የሚጠቀሙበት ወንዶች ናቸው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ያለ ሰው ሰምቶ ይመልሳል። ባለ አምስት ክር ክራርም እንዲሁ ይናገራል፤ ተጫዋቹ ክሩን እየመታ ቃሉን ያስተላልፋል፤ ሰሚውም ዜማውን ብቻ ሳይሆን ንግግሩን ይረዳል። በሌላው ዓለም ይህን የሚመስል ጥበብ አለ። በሜክሲኮ የማዛቴክ ሕዝብ በፉጨት ይነጋገራል፤ በናይጄሪያ የዮሩባ ከበሮ ይናገራል፤ የካናሪ ደሴቶች አካል በሆነችው በላ ጎሜራ ያለውን የፉጨት ንግግር ዩኔስኮ በ2009 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። የቤንች ፉጨትና ክራር የእነዚህ ወንድም ነው።

ድምፅን ለመያዝ የተደረገ ትግል

ድምፅ ከአፍ ከወጣ በኋላ አይጨበጥም። ይህን የሚሸሸውን ነገር በምልክት ለመያዝ የሞከሩ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ግን ጥንትም ነበሩ። ትውፊት ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተከፍሎ ለዘመናት በቃል ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ ኖሮ፣ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሥርዓት እንዳበጁለት ይነገራል። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላትና ምልክቶች ድምፁ የሚወጣበትን፣ የሚወርድበትንና የሚረግጥበትን ያስታውሳሉ። ያስታውሳሉ እንጂ አይተኩም፤ መምህሩ ከሌለ ምልክቱ ብቻውን አይዘምርም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መሣሪያ ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በፎኖግራፍ ቀርጻ ላከች፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በተራቸው በ1899 እ.ኤ.አ. ድምፃቸውን ቀርጸው መለሱ። የንግሥቲቱ ቅጂ ከተሰማ በኋላ በራሷ ፈቃድ እንዲጠፋ ሲደረግ፣ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ለንደን ውስጥ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይሰማል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በዚህ ሁኔታ የቤተ መንግሥቱና የከተማው ድምፅ ወደ ማሽኑ ገባ። የደኑ ሕዝብ ድምፅ ግን ገና ብዙ መጠበቅ ነበረበት።

ጆሮ ላይ የተጫነው መሣሪያ

የጆሮ ማዳመጫ ሲፈጠር ለምቾት አልነበረም፤ ለሥራ ነበር። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞች ይሸከሙት የነበረው አንድ ጆሮ ብቻ ያለው መሣሪያ በትከሻ ላይ የሚያርፍና ከአራት ኪሎ በላይ የሚመዝን ነበር። ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ጨዋታ ስታገናኝ ትከሻዋ ላይ ቀንበር ተጭኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለቱንም ጆሮ የሚይዘውን ዘመናዊ ማዳመጫ በ1910 እ.ኤ.አ. የሠራው ናትናኤል ባልድዊን የሚባል በዩታ ግዛት የሚኖር አሜሪካዊ ነው። ባልድዊን በሰፊ የጸሎት አዳራሽ ውስጥ ንግግር በደንብ መስማት ስላልቻለ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ፍለጋ ላይ ነበር። ማዳመጫውን በቤቱ ማዕድ ቤት ውስጥ እየሠራ ለአሜሪካ የባሕር ኃይል ላከ። የባሕር ኃይሉ የድምፁን ጥራት ወደደ፤ የራስ ማሰሪያው ግን እንዲሻሻል ጠየቀ። ባልድዊንም ማሰሪያውን ቆዳ በለበሱ ሁለት ዘንጎች ተካው፤ እንደ ራሱ መጠን ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከል ሆነ። ገና ከመጀመሪያው የድምፅ ጥራትና የራስ ምቾት ጥያቄ አብረው የተወለዱ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። የባሕር ላይ ሬድዮ ሠራተኛ በማዕበል መካከል ደካማ ምልክት ለመለየት ሰዓታት ሙሉ ያዳምጣል፤ ማሰሪያው ካሠቃየው ሐሳቡ ወደ ሕመሙ ይሄዳል፤ ምልክቱም ያመልጠዋል።

በ1937 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ የኦይገን ባየር ድርጅት በማግኔት መካከል በሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅልል የሚሠራውን ማዳመጫ ለገበያ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የኤሌክትሪክ ምልክቱ በጥቅልሉ ውስጥ ሲያልፍ ጥቅልሉ በማግኔቱ ኃይል ይገፋል፣ ይሳባል፤ ከእሱ ጋር የተጣበቀው ስስ ሽፋን ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱም አየሩን አንቀሳቅሶ የጆሮ ታምቡር ይደርሳል። ዛሬም አብዛኞቹ ማዳመጫዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ጆን ኮስ ለሙዚቃ አፍቃሪዎች የስቴሪዮ ማዳመጫ አቀረበ፤ መሣሪያውም ከሥራ ቦታ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። በሐምሌ 1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ዎክማንን ሲያወጣ፣ ቀድሞ ከ300 እስከ 400 ግራም ይመዝን የነበረው ማዳመጫ 45 ግራም ያህል ሆነ። ከትከሻ ሸክም የተነሣው መሣሪያ በመቶ ዓመት ውስጥ ከአንድ ደብዳቤ ብዙም የማይከብድ ሆነ።

ሽፋኑ፣ ሙቀቱና እውነተኛው ድምፅ

ይሁን እንጂ ቀላሉ ሁሉ ለሁሉም ሥራ አይሆንም። ጆሮ ላይ ብቻ የሚያርፍ ቀላል ማዳመጫ የውጩን ድምፅ አይከለክልም፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ግን ባለ ትራሱ ጽዋ በጆሮው ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ ስለሚያርፍ በውስጡ ትንሽ ጸጥ ያለ ክፍል ያበጃል። ክብደቱን በሰፊ ቦታ ስለሚያካፍልም ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ሰው ይመርጠዋል። እንደ ቴፒና እንደ ሚዛን ባለ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚጥልበት አገር፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ወይም በነፍሳትና በአእዋፍ ጩኸት መካከል አንድ ቃል ለመለየት ይህ ጸጥታ ታላቅ ነገር ነው።

ዋጋው ደግሞ ሙቀት ነው። የተዘጋው ጽዋ አየር አያስገባም፤ በእርጥብና በሞቃት ቆላ ትራሱ ላብ ይጠጣል፤ ቆዳው ይልጣል፤ ጆሮ ይግላል። ማሰሪያው ከጠበቀ ሰርን ይጫናል፤ ከላላ ጽዋው በደንብ አይገጥምም፤ ወፍራሙም ድምፅ በቀዳዳው ይሸሻል። የምቾትና የድምፅ ጉዳይ ሁለት ጉዳይ የማይሆነው ስለዚህ ነው፤ በትክክል ያልተቀመጠ ማዳመጫ እውነቱን አይናገርም።

እውነት መናገሩ ደግሞ ለቃና ጥናት ዋነኛው ነገር ነው። የሰው ድምፅ መሠረታዊ ንዝረት በወንድ ከ80 እስከ 180፣ በሴት ከ165 እስከ 255 ሄርትዝ አካባቢ ነው። ቃና የሚቀመጠውም በዚህ መሠረት ላይ ነው። ለጭፈራ ተብሎ ወፍራሙን ድምፅ የሚያጋንን ማዳመጫ ይህን መሠረት ያብጠዋል፤ ጆሮን ደስ ያሰኛል እንጂ አያስተምርም። ለሥራ የሚፈለገው ከተቀረጸው ላይ ምንም የማይጨምርና የማይቀንስ ነው። የሚያስደንቀው ግን የሰው አእምሮ ነው። የቀድሞው የስልክ መስመር ከ300 ሄርትዝ በታች ያለውን ድምፅ ቆርጦ ይጥል ነበር፤ ሰሚው ግን ከተረፉት ከፍ ያሉ ንዝረቶች የጎደለውን መሠረት በሐሳቡ መልሶ ይሠራል፤ የእናቱን ድምፅ ከእህቱ ድምፅ ይለያል። ቃናን የሚሰማው ጆሮ ብቻ አይደለም፤ በልጅነት የተማረ አእምሮ ነው።

የፉጨቱ ምስክርነት

የቤንች ቋንቋ ቃናዎች በሳይንስ መዝገብ ላይ የሰፈሩት በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነው። የቋንቋ ምሁሩ ክላውስ ቬደኪንድ የስድስቱን ቃና ትንተና በ1983 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አሳተመ። ክርስቲያን ራፖልድ በ2006 እ.ኤ.አ. ስለ ቤንች ሰዋስው፣ አን ክርስቲ ሄለንታል በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ሸኮ ሰዋስው በላይደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቧቸው ጥናቶች ተከተሉ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጠይቀው ቴፕ መቅረጫ፣ ማዳመጫና አንድን ቃል ደጋግሞ የመስማት ጽናት ነው። አምስት ደልዳላ ቃናን ከአምስት ደልዳላ ቃና መለየት ለእንግዳ ጆሮ ቀላል አይደለም፤ ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር ይምታታል፤ የተናጋሪው ድካም እንኳ ቃናውን ዝቅ ያደርገዋል።

ነገር ግን የቃና ቋንቋ አጥኚዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ዘዴ አለ፤ ተናጋሪው ቃሉን በፉጨት እንዲደግመው ይጠየቃል። በፉጨት ውስጥ ተነባቢው ይጠፋል፤ አናባቢው ይጠፋል፤ የተናጋሪው የድምፅ ባሕርይም ይጠፋል፤ የሚቀረው እርቃኑን የቆመ ቃና ነው። የተዘጋው ማዳመጫ ድምፁን ከዙሪያው ጫጫታ እንደሚለይ፣ ፉጨትም ቃናውን ከቃሉ አካል ይለያል። የፉጨት ንግግር የሚገኝበት ከ1000 እስከ 4000 ሄርትዝ ያለው ክልል ደግሞ የሰው ጆሮ አጥርቶ የሚሰማበት ነው፤ ከነፋስና ከወራጅ ውሃ ጉርምርምታም በላይ ነው። እንግዲህ የቤንች ገበሬ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ሲጣራ የሚሠራው ሥራ፣ መሐንዲሶች በማግኔትና በትራስ ከሚሠሩት ጋር ዓላማው አንድ ነው፤ አንዱን ምልክት ከብዙ ጫጫታ ማዳን። ልዩነቱ ማዳመጫው ሰሚውን ከጎረቤቱ ሲለይ፣ ፉጨቱ ግን ከጎረቤቱ ጋር ማገናኘቱ ነው።

ያልተሰማ ሕዝብ

አንድን ሕዝብ አለመስማት የጆሮ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የታሪክም ጉድለት ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ «ጊሚራ» እየተባለ ይጠራ የነበረው ይህ አካባቢ ከማጂ ጋር የባሪያ ፈንጋዮች መፈንጫ ሆኖ ብዙ ሕዝቡን አጥቷል። ሰውን እንደ ዕቃ የሸጠ ሥርዓት የተሸጠው ሰው በስንት ቃና እንደሚናገር ሊጠይቅ አይችልም ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የብሔራዊ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ 15 ቋንቋዎችን ያቀፈ ታላቅ ሥራ ነበር። ካፊኛ ከእነዚህ መካከል ነበረ፤ የቤንች ቋንቋ ግን አልነበረም። የቤንች ጎልማሳ ፊደል የቆጠረው በሌላ ቋንቋ ነው። በቋንቋው በኢትዮጵያ ፊደል የታተመው አዲስ ኪዳንም የቃናውን ከፍታ የሚያመለክት ምልክት አልነበረውም። በ2008 እ.ኤ.አ. በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ የአጻጻፍ ሥርዓት ተቀባይነት አገኘ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሆነ፤ ቤንች፣ ሸኮ፣ ካፋና ሌሎቹም ሕዝቦች በየራሳቸው ቋንቋ የመማርና ባህላቸውን የማሳደግ መብት አላቸው። ነገር ግን ፊደል የትኛውም ይሁን የት፣ ጽሕፈት ብቻውን ቃናን አያድንም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያወቁትን ነገር የዛሬው አስተማሪም ማወቅ አለበት፤ ምልክቱ ከመምህሩ ድምፅ ጋር ካልተያያዘ ዝም ይላል።

የዛሬ ጆሮ

ዛሬ ማዳመጫው በሚዛን አማንና በቴፒ መንገድም ሆነ በዩኒቨርሲቲው ግቢ እንግዳ አይደለም። አማር ቦዝ በ1978 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ሳለ ያሰበው፣ የውጩን ጫጫታ በተቃራኒ ንዝረት የሚያጠፋ ማዳመጫ በ1989 እ.ኤ.አ. ለአብራሪዎች ከቀረበ ወዲህ ዘዴው ወደ ተራው ሕዝብ ወርዷል። ወጣቱ በፈለገበት ጊዜ ዓለምን ዝም ማሰኘት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በከፍተኛ ድምፅ ማዳመጥ ምክንያት ለጆሮ ጉዳት የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጾ፣ 80 ዴሲቤል በሆነ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ የአካል ጉዳይ ነው። የባህሉ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ ከኮረብታ የመጣ ፉጨት የተዘጋ ጽዋ አልፎ አይገባም፤ ያልተሰማ ጥሪ መልስ አያገኝም፤ መልስ ያላገኘ ቋንቋም ይሞታል።

ጥፋቱ ግን የመሣሪያው አይደለም። ያው ጽዋ ጆሮን ከአባቱ ፉጨት ሊዘጋ እንደሚችል ሁሉ፣ የአባቱን ፉጨት በርቀት ላለ ልጅ ሊያደርስም ይችላል። ምኒልክና ጣይቱ በማሽን ድምፃቸውን አትርፈዋል፤ ተሰማ እሸቴ በሸክላ ተርፈዋል። የቤንች ክራር ተጫዋች፣ በሁለት መዳፉ የሚናገረው አዛውንት፣ ስድስቱን ቃና ሳትስት ልጇን የምትመክር እናት በተመሳሳይ ክብር ሊቀረጹ ይገባቸዋል። ቀረጻው ሲያበቃም ማዳመጫው አስቀድሞ መቀመጥ ያለበት በእነሱው ጆሮ ላይ ነው፤ ቃናው ልክ መሆኑንና አለመሆኑን የሚፈርደው ሌላ ዳኛ የለምና። አስተማሪው የቤንችን ቃል ሲያስጽፍ ተማሪዎቹን በፉጨት እንዲደግሙት ቢያደርግ የጽሕፈቱን ጎደሎ ይሞላል። ከያኒው ደግሞ ክራር ሲናገር ከሰማ፣ ዜማ ለግጥም ልብስ ብቻ አለመሆኑን፣ ራሱም ቃል መሆን መቻሉን ይረዳል።

የጌሻ ቡና ጣዕሙ በሩቅ አገር ቀማሽ እስኪታወቅ ድረስ ስድሳ ዓመታት በላይ ጠብቋል። ዘር በጎተራና በአፈር ውስጥ መቆየት ስለሚችል መጠበቁ አልጎዳውም። ቋንቋ ግን ጎተራ የለውም፤ የሚከማችበት ብቸኛው ቦታ በሕይወት ያለ ሰው ጆሮ ነው።